አርስቶትል ይህን ኢሜይል ቢያይ

ባለፈው ማክሰኞ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ ስልኩን አቀበለኝ። «አንብበው፤ እንዲህ ያለ አንደበተ ርቱዕ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ቆሜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

ኢሜይሉን የላከለት አንድ የንግግር ጥበብ ጆርናል፣ ማለትም የምርምር መጽሔት ነው። ጓደኛዬ ሌክቸረር ነው፤ የሚያስተምረውም ይህንኑ ሬቶሪክ ነው። አርስቶትል ሰው የሚያምነው በሦስት ነገር ነው ይላል፤ በተናጋሪው ተአማኒነት፣ በአድማጩ ስሜት፣ በነገሩ አመክንዮ። ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ። ተማሪ እነዚህን ለመለየት ሴሚስተር ይፈጅበታል። ኢሜይሉ በአሥር መስመር ጨርሷቸዋል።

ኢቶሱ፦ «ዓለም አቀፍ፣ አይኤስኤስኤን ያለው፣ ባለ ከፍተኛ ኢምፓክት ፋክተር።» አይኤስኤስኤን ባለ 8 አሃዝ የመጽሔት መለያ ቁጥር ነው፤ ታርጋ በሉት። ታርጋ ያለው ሁሉ መንዳት ይችላል ያለ የለም፤ ግን ምቀኛ እንዳልባል ልተወው። ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ ባለፉት 2 ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ የሚሰላ ነው። ይህ ጆርናል ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ነጥቡን ግን ከወዲሁ ይዟል። ጥርስ አብቅሎ የተወለደ ልጅ ማለት ነው። እልል ይባልለት!

ፓቶሱ፦ «እጅግ የተከበሩ ታላቅ ተመራማሪ ሆይ!» የወለደችው እናቱ እንኳ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

ሎጎሱ፦ ዛሬ ይላኩ፣ በአራተኛው ቀን ይታተማል፣ ሁለት መቶ ዶላር ብቻ።

በዚያው ዘርፍ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የሚታተም «ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ስፒች» የሚባል አንጋፋ አለ። እንዲህ ያሉት ጽሑፍህን ለማታውቃቸው ገምጋሚዎች ይሰጣሉ፤ ወራት ይጠብቁና «መከራከሪያህ የታለ?» ብለው ይመልሱልሃል። ጭካኔ እኮ ነው! የቅኔ ቤት መምህርም ያው ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ሲያሰማው፣ ከተሳሳተ ጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። የጓደኛዬ ጆርናል ግን ደግ ነው። ጽሑፉን ሲልክለት የገምጋሚው አስተያየት ሙሉ ቃል «በጣም ጥሩ፤ ነጠላ ሰረዝ አስተካክል» የሚል ነበር።

ዶላሩ ትንሽ አስቸግሮ ነበር። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች አክስቱ በካርዷ ከፈለች። «ምን ገዛሁልህ የኔ ልጅ?» ስትለው «ፕሮሞሽን» አላት። መረቀችው።

ጽሑፉ ላይ አምስት ስም አለ። አንዱ ጽፏል፣ አንዱ ላፕቶፕ አውሷል፣ አንዱ አለቃ ነው። የቀሩት ሁለቱ ተራቸው ደርሶ ነው፤ ዕቁብ ነው እኮ! በሚቀጥለው እነሱ ይጽፋሉ፣ የሱ ስም ይገባል። የዕቁብ ባህላችን ጠፋ የምትሉ እዚህ ኑና እዩ።

ርዕሱ «የማሳመን ጥበብ በጅማ ቡና ነጋዴዎች ዘንድ» ነው። እኔም ደስ ብሎኝ መርካቶ ወረድኩና ለደንበኛዬ ለሽማግሌው ነጋዴ አበሰርኳቸው። «ጋሼ፣ ስለናንተ ተጽፎ ዓለም እያነበበው ነው!»

«ማንም መጥቶ አልጠየቀንም» አሉ ሚዛኑን እያስተካከሉ። «ለመሆኑ ምን አልን ይላል?»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩላቸው። ድረ ገጹ አልከፈት አለኝ። እሳቸው እስክፈልግ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ከጆንያው አንድ እፍኝ አውጥተው ከአፍንጫዬ ስር አደረጉት።

«አሽትተው እስቲ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለአንድ ኪሎ ነበር የሄድኩት። ሦስት ኪሎ ተሸክሜ ገባሁ።