ቁልፉ ማን ጋ ነው?

መሀል አዲስ አበባ በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ዛሬስ ልቆጣችሁ ነው።

የማስተምርበት ግቢ ስም ይቅር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አለ። በሩ ላይ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ ጓጉንቸር። ለምን ሲባል፣ ሌባ እንዳይገባ። ቁልፉስ? "ጋሼ ጋ ነው፣ ምሳ ወጥተዋል።"

ከበሩ አጠገብ ሽንት ቤት አለ። አንድ ቀን እዚያ ውስጥ እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ጎንበስ ብለው ወለሉን ሲፈትጉ ሳል አፍኗቸው ወደቁ። ለካ ከላብራቶሪ አንዱ ባልደረባችን "ቆሻሻ በደንብ ያስለቅቃል" ብሎ በሃይላንድ የሰጣቸው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖሯል። ስሙ አልተጻፈበትም፣ የውሃው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። እሳቸውም አሲዱን አፍስሰው እንደ ልማዳቸው በረኪና ጨመሩበት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው አፍንጫ ደግሞ እዚያው ነው። ሦስት እርምጃ ላይ ያለው በር ታስሮ፣ እሳቸውን ተሸክመን ያን ሁሉ ኮሪደር አቋርጠን በዋናው ደረጃ ወረድን። ሳላቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ ሰንሰለቱ እዚያው ነበር።

"አስተዳደሩ ነው" እንዳትሉኝ። አስተዳደሩም አጥፍቷል፤ በኤጀንሲ የሚቀጠሩት ጽዳቶች የሚተዳደሩበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የሥራውንም አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ጓንትና ማስክ ችሮታ አይደለም። ግን ያው አዋጅ ሠራተኛውም ያየውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ያዛል። እኛ ያን ሰንሰለት ስንት ዓመት አይተን አለፍነው? አሲዱን በሃይላንድ የቀዳው አስተዳደሩ ነው? የእሳት ማጥፊያውን የበር መደገፊያ ያደረገው፣ አንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና የቡና ምድጃ የሰካው ማን ነው? እኛው ነን፣ የተማርነው ሰዎች።

"ምን ይመጣል" ለምትሉ ደግሞ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። 939 ብትደውሉ እሳት አደጋ ይመጣል፣ 907 ብትደውሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይመጣል፤ እስኪደርሱ ያለው ደቂቃ ግን የእናንተ ነው። አሲድ ዓይኑ ውስጥ የገባ ተማሪ እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ዓይኑ በውሃ መታጠብ አለበት። የላብ መምህራን፣ እባካችሁ ውሃ በሌለበት ቀን ላብ አትክፈቱ። ፕሮግራም ይስተጓጎላል ትሉኛላችሁ። ይስተጓጎል!

ነገ ጠዋት ስትገቡ በየፎቃችሁ ያለውን የመውጫ በር በእጃችሁ ግፉት። ካልተከፈተ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሰው ባለበት ሰዓት ከውስጥ ያለ ቁልፍ እስኪከፈት ድረስ ደጋግማችሁ ጠይቁ፣ ነዝናዛ ይበሏችሁ። ሌባውን ዘበኛ ይጠብቀው። ኬሚካል በሃይላንድ መቅዳት ዛሬውኑ ይቁም። ጽዳቶቻችሁን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በረኪናና አሲድ እንደማይገናኙ ንገሯቸው፤ ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም። እትዬ 11 ዓመት እኛ ጋ ሲሠሩ አንድ ሰው እንኳ አልነገራቸውም ነበር።