ደቦ ወይስ የእኩል? ገንዘብ በሌለው ስታርታፕ የዴቨሎፐሩ ድርሻ

እኔ ዴቨሎፐር ነኝ፤ የሶፍትዌር ኮድ እጽፋለሁ። አፕ ሥራልኝ ካለኝ ሰው ጋር የተስማማነው ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ሁለት ማኪያቶ አዘን ጥግ ላይ ተቀመጥን። ሰውየው የአፑን ሐሳብ ሶፍት ላይ በእስክሪብቶ እየሣለ አስረዳኝ። «አሁን ብር የለኝም፤ ግን ከድርጅቱ አስራ አምስት ፐርሰንቱ ያንተ ነው» አለኝ። ተጨባበጥን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሰውየውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ክፉ ነው አልልም።

አስራ አራት ወር ሠራሁለት። ቀን ቀን ሌላ ቦታ ተቀጥሬ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የእሱን ኮድ እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ በሞባይል ዳታ እቀጥላለሁ። ላፕቶፑ ሲዘጋ ደግሞ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ እወጣለሁ። አንድ እሑድ እናቴ ቡና እያፈላች «ልጄ፣ ይሄ ሌሊት ሌሊት የምታመሽበት ነገር ሥራ ነው ወይስ ትምህርት?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። «ታዲያ ደመወዙ የታል?» አለች። የምመልሰው ጠፋኝ።

አፑ ተጠቃሚ አገኘ። ገንዘብ ላስገባ የሚል ሰውም መጣ። ድርጅቱ በሰውየው ስም ብቻ መመዝገቡን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አስራ አምስቱ ፐርሰንትስ?» ብዬ ጻፍኩለት። ቴሌግራም ላይ የመለሰልኝ እስካሁን አለ፦ «ወንድሜ፣ እሱ እኮ ወደፊት ስናድግ ለማለት ነው። ለአሁኑ ቦነስ እናስብልሃለን።» ቦነሱ የሁለት ወር የቤት ኪራይ አልሞላም።

ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከአምስት ኪሎም፣ ከአዳማም የተመረቁ ልጆች ይህንኑ ታሪክ ሲያወሩልኝ ስለሰለቸኝ ነው። የካፌው ስምና የፐርሰንቱ ቁጥር ብቻ ይለያያል። ስለዚህ የማምነውን በግልጽ ልበል። ያልተከፈለ ደመወዝ ውለታ አይደለም። ባለ ገንዘቡ ካስገባው ብር እኩል ወደ ድርጅቱ የገባ ካፒታል ነው። እንደ ካፒታልም በቀኑና በመጠኑ መጻፍ አለበት።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ደቦ የተጠራ ሰው ጠላውን ጠጥቶ፣ እንጀራውን በልቶ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከምርቱ አይጠይቅም። ወንፈል ከሆነ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። የእኩል ወይም የሲሶ እርሻ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ መሬት አለው። ሌላው በሬና ጉልበት አለው። ዘሩን ማን ያወጣል? ማዳበሪያውን ማን ይገዛል? ጭዱስ የማን ነው? ይሄ ሁሉ ሞፈርና ቀንበር ከመነሳቱ በፊት፣ ጎረቤት ምስክር ሆኖ ይነገራል። እህሉ አውድማ ላይ ከተከመረ በኋላ ስለ ድርሻ መነጋገር ጠብ መጥራት እንደሆነ ፊደል ያልቆጠሩት አያቴ ያውቁ ነበር።

ከተማ ስንገባ ግን ይህን ጨዋ ልማድ ረሳነው። ድርጅቱን የሚመሠርተው ሰው፣ ፋውንደሩ፣ ደቦ የጠራ ይመስለዋል። ዴቨሎፐሩ የእኩል ያረሰ ይመስለዋል። ሁለቱም «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እየተባባሉ ዓመት ይሞላቸዋል። ቤተሰብ ነን የሚለው ቃል ደስ ይላል። ግን ወንድማማቾችም በውርስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

«እሺ፣ ድርሻው ስንት ይሁን?» ነው ቀጣዩ ጥያቄ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቁጥር ከአየር ላይ ያወርዳል። አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት። ለእኔም አስራ አምስት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የምመክረው ሒሳብ ቀላል ነው፤ በደብተርም ይሠራል።

ለምሳሌ አንድ ዴቨሎፐር ገበያው ላይ በወር 40,000 ብር ሊያገኝ ይችላል እንበል። ፋውንደሩ ለትራንስፖርትና ለኢንተርኔት 10,000 ብቻ ይሰጠዋል። የቀረው 30,000 ብር በየወሩ ወደ ድርጅቱ የገባ የልጁ ገንዘብ ነው። በዓመት 360,000 ይሆናል። ፋውንደሩም ሥራውን ትቶ ሙሉ ቀን ይሠራል። የእሱን ጊዜ በዚያው በ40,000 ብናስበው በዓመት 480,000 ነው። ከኪሱ ደግሞ 300,000 ብር አውጥቷል። ጥሬ ብር ከጊዜ ይልቅ ለማግኘት ይከብዳልና እጥፍ ይታሰብለት፤ 600,000 ይሁን። ድምሩ 1,440,000 ብር ነው። የዴቨሎፐሩ 360,000 ስንት ሆነ? ልክ ሩብ። እርቦ ማለት ነው።

ብዙ ፋውንደር ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። «ሐሳቡ እኮ የእኔ ነው!» ይላል። ሐሳብ ዋጋ የለውም አልልም። ደንበኛ ማወቅ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ነጋዴን አሳምኖ ማስፈረም ትልቅ ሥራ ነው። ለዚህም ነው የፋውንደሩ ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ የገባው። ሐሳቡን ብቻ አስበልጬ ልቁጠረው የሚል ካለ ደግሞ ቁጥር ይስጠውና በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ያስፍረው። ዴቨሎፐሩ አይቶ እሺ ወይም እምቢ ይላል። ዋናው ነገር ሁለቱም አንድ ወረቀት እያዩ መነጋገራቸው ነው።

የዚህ ሒሳብ ጥቅሙ ቋሚ ፐርሰንት አለመሆኑ ነው። በየወሩ ይታደሳል። ዴቨሎፐሩ በሦስተኛው ወር ዱባይ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ የሦስት ወሩን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ፋውንደሩ ደመወዝ መክፈል በጀመረ ቀን ደግሞ ያልተከፈለው ዓምድ መቆጠሩን ያቆማል።

በነገራችን ላይ ፋውንደሮችም እውነተኛ ቅሬታ አላቸው። ሁለት ወር ሠርቶ፣ ድርሻ ተሰጥቶት፣ በዶላር የሚከፍል ሥራ ሲያገኝ ስልክ ማንሳት ያቆመ ዴቨሎፐር አውቃለሁ። ኮዱ በእሱ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ቀረ። ይህም በደል ነው። የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መናኸሪያ ሲሊከን ቫሊ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ቬስቲንግ ይሉታል። ድርሻው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሥራ ጊዜ ልክ ቀስ በቀስ ይጸድቃል ማለት ነው። የተለመደው አራት ዓመት ነው። ዓመት ሳይሞላ የሄደ ምንም አያገኝም። ዓመት ሲሞላ ሩቡ ይጸድቅለታል፤ የቀረው በየወሩ ይጨመራል።

እኛ አገር ይህን እንዳለ የሚገለብጡ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይስታሉ። ያ የአንድ ዓመት ገደብ የተሠራው በየወሩ ደመወዝ ለሚበላ ሰው ነው። እዚያ ያለው ልጅ በአስራ አንደኛው ወር ቢሰናበት ሼሩን ቢያጣም አስራ አንድ ወር ኪራዩን ከፍሏል። ደመወዝ ለማይከፈለው ልጅ «ዓመት ሳትሞላ ከሄድክ ዜሮ» ማለት አስራ አንድ ወር በነፃ አሠርቶ የማባረር ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜ ካስፈለገ ሁለት ወር ይበቃል። ለዚያም ቢሆን ቢያንስ የሚያኗኗር ነገር ይከፈል።

ሼር ይቅር፣ ብር ስናገኝ ውዝፉን ደመወዝ እንከፍላለን የሚሉም አሉ። ክፋት የለውም። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሆነውን እናስታውስ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2015 በወር 25,000 ብር ውዝፍ የያዘ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ 25,000 ብር ቢቀበል ተከፈለው ይባላል? ውዝፍ ከተባለ የሚከፈልበት ጊዜ እና ለዘገየበት የሚጨመረው ነገር አብሮ ይጻፍ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ለዴቨሎፐሩ ግን አደጋም አለው። ፋውንደሩ ብቻውን አስመዝግቦ ሲጨርስ በቃል የተገባው ሩብ የትም አይታይም። ስምህ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ከሌለ፣ ቢያንስ መቼና ስንት ሼር እንደሚዛወርልህ የሚናገር የተፈረመ ውል ከሌለህ፣ በእጅህ ያለው የቴሌግራም ቻት ብቻ ነው።

ፋውንደሩም ያለ ወረቀት ሰላም አያገኝም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቀዋል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ታዲያ ውል ያልፈረመው፣ ደመወዝ ያልተቀበለው፣ ማታ ማታ በራሱ ላፕቶፕ የጻፈው ልጅ ምንድን ነው? ተቀጣሪ? ሸሪክ? በጎ ፈቃደኛ? የቁም ነገረኛ ኢንቨስተር ከመጀመሪያ ጥያቄዎቹ አንዱ «ኮዱ የማን ነው?» የሚል ነው። በዚያ ሰዓት ዴቨሎፐሩን እየለመኑ ማስፈረም ከመነሻው ከመፈራረም በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ሩቅ አገር የሆነውን እንይ። ሬጂ ብራውን የሚባል ተማሪ ስናፕቻት የእኔም ሐሳብ ነበር፣ ሸሪኮቼ አስወጡኝ ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ለአክሲዮን ገበያ ሲቀርብ ባወጣው ሰነድ ለዚህ ክርክር መዝጊያ 157.5 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ታወቀ። በሌላ በኩል ሰዓሊው ዴቪድ ቾ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 የፌስቡክን ቢሮ ግድግዳ ሥሎ በጥሬ ብር ፋንታ ሼር ወሰደ። ኩባንያው በ2012 ገበያ ሲገባ ድርሻው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ፋውንደሮች ይወዱታል። እኔም ሃያ ሁለት ካፌ ውስጥ ተነግሮኛል። ያልተነገረኝ ነገር ቾ ብሩን ወይም ሼሩን የመምረጥ ዕድል የነበረው መሆኑ ነው። ለእኔ ምርጫ አልቀረበልኝም።

ብር በጭራሽ ለሌለው ሰው ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። ሥራውን ማሳነስ። የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱ ራይድ ዛሬ በ8294 የምናውቀው ከመሆኑ በፊት በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ነው የጀመረው፤ አፑ ቆይቶ መጣ። ዛሬ በቴሌግራም ቦት (ቴሌግራም ውስጥ ለተጠቃሚው ራሱ በሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም) በሁለት ሳምንት የሚሞከር ነገር አለ። እሱን አሠርቶ ሙሉ ዋጋውን መክፈል፣ በ«ወደፊት» ተስፋ የአንድ ዓመት አፕ ከማሠራት ይሻላል። ደንበኛ ከመጣ የሚቀጥለው ይታያል። ካልመጣም የማንም ልጅ ሌሊት አልባከነም።

ባለፈው ዓመት እኔም በተራዬ ፋውንደር ሆንኩ። ለክሊኒኮች የቀጠሮ አፕ ነው የጀመርኩት፤ ገንዘብ የለኝም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከእኔ የተሻለች ዴቨሎፐር ናት። የመጀመሪያ ቀን ስንገናኝ ከማኪያቶው በፊት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ነው። በየወሩ ምን ያህል እንደማልከፍላት፣ ያ እንዴት ወደ ሼር እንደሚቆጠር፣ ብትሄድ ምን ይዛ እንደምትሄድ፣ እኔ ባስወጣት ምን እንደምትወስድ፣ ኮዱም የድርጅቱ እንደሚሆን ይናገራል። ወረቀቱን ይዛው ሄደች። ጠበቃ ለሆነ አጎቷ አሳየችውና ሦስት ቦታ አስተካክላ አመጣችው። አንዷን ማስተካከያ መዋጥ ከበደኝ፤ እሺ አልኩ። ውልና ማስረጃ ሄደን ግማሽ ቀን ተሰልፈን ፈረምን።

አሁን የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ላይ ድርሻው የሚቆጠርበትን ሠንጠረዥ አብረን እንከፍታለን። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ባለፈው ወር የሰዓቷን ዓምድ ሞልቼ አሳየኋት። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ በጣቷ ተከትላ አነበበችና «አንተ ለቅሶ የሄድክባትን ቅዳሜ ረስተሃታል» አለችኝ። የጊትሀቡን ታሪክ ከፍተን አየን። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠርታለች። ዘጠኝ ሰዓት ጨመርኩ፤ ሁለታችንም ፈረምንበት።