የአያቶቻችንን የጠገራ መስቀል በግራም አንሽጥ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አክስቴን አጅቤ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። የጉትቻዋ ማንጠልጠያ ተሰብሮባት ልታስጠግን ነበር። ተራችንን እየጠበቅን ሳለ አንዲት እናት ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ አንድ የአንገት መስቀል፣ አንድ የጆሮ ኩክ ማውጫና ሁለት ቀለበቶች ወጡ። አራቱም የብር ናቸው፤ አራቱም ጠቁረዋል።

"እማማ፣ ይሄ በግራም ነው የሚሄደው" አላቸው ባለሱቁ። አራቱንም ሰብስቦ ሚዛኑ ላይ አደረጋቸው። ዋጋውን ነገራቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና "እሺ፣ ይሁን" አሉ። ገንዘባቸውን ቆጥረው፣ በዚያው ነጠላ ጫፍ ቋጥረው ወጡ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ዕቃዎቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠየቅሁት። "ይቀልጣላ! ሌላ ምን ይደረጋል?" አለኝ።

ባለሱቁን ልወቅስ አይደለም። ነግዶ አዳሪ ነው። እማማም ቸግሯቸው ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. የብር ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ንሯል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የገንዘባችን ምንዛሪ ወርዷል። በየሳጥኑ ተረስቶ የኖረው የአያት ጌጥ ድንገት ተፈላጊ ሆነ። እኔን የሚያሳስበኝ በዚህ ጥድፊያ መሃል እየቀለጠ ያለው ነገር ነው።

እነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከጠገራ ብር ነው። ጠገራ የምንለው ማርትሬዛን ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ትልቅ ሳንቲም። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ሳንቲሙ ግን ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይቀየር መመታቱ ቀጠለ። ለዚህ ነው የትኛውንም ጠገራ ብታነሱ 1780 የሚለው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የሳንቲሙን መምቻ ከቪየና ወደ ሮም አስወሰደ። እዚህ ለሚከፍለው ሁሉ ጠገራ ያስፈልገው ነበር። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከትለው መምታት ጀመሩ። አያታችሁ ያስቀመጡት ጠገራ ከእነዚህ ከተሞች የአንዱ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ላይ የተጻፈው ግን 1780 ነው።

ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ለጌጥ የተመቸውም በዚህ ነው። ንጹህ ብር ለስላሳ ስለሆነ በየቀኑ አንገት ላይ ሲውል ይጎብጣል፣ ይፋቃል። መዳቡ ነው ጥንካሬ የሰጠው። ገበያ ላይ ደግሞ ጠገራው የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ወርቅ የሚለካበት ወቄት ክብደቱ የአንድ ጠገራ ያህል ነው። ዛሬ "ብር" የምንለው ገንዘባችንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማዕድን ነው።

ጌጥ ማሠራት የፈለገ ሰው ጠገራውን ራሱ ይዞ አንጥረኛ ዘንድ ይሄድ ነበር። አንጥረኛው የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ወናፍ፣ ከሰል፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድ፤ ዕቃው ይኸው ነው። አንዳንዱ ሳንቲሙን አቅልጦ እንደገና ይሠራዋል። አንዳንዱ ግን ጭራሽ አያቀልጠውም። ሳንቲሙን እንዳለ በመሮ ይቆርጥና በሞረድ ያስተካክለዋል። እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የእማማ መስቀል እንዲያ ነበር። ባለሱቁን ለምኜ፣ በገዛበት ላይ ጨምሬለት አራቱንም ወሰድኳቸው። አሁን ስጽፍ መስቀሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማንጠልጠያውን ሳይጨምር ቁመቱ ከአራት ሳንቲ ሜትር አይዘልም። ሊዘልም አይችልም፤ የሳንቲሙ ስፋት ያን ያህል ነውና። የአራቱ ክንፎች ጫፍ ቀጥ አላለም፤ በትንሹ ክብ ነው። ያ የሳንቲሙ ጠርዝ ነው። ፊቱን አንጥረኛው በሞረድ ሙልጭ አድርጎ፣ በላዩ ነጠብጣብና መስመር አውጥቶበታል። ጀርባውን ግን አልነካውም። ገልበጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት የወፍ ላባ ይታያል። ጠገራው ጀርባ ላይ ያለው ባለሁለት ራስ ንስር ክንፍ ነው። ያንን ላባ ሳይ ደነገጥኩ። የኦስትሪያ ነገሥታት ንስር፣ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ደረት ላይ፣ በጥቁር ማተብ ታስሮ ስንት ዓመት እንደኖረ አስቡት።

የጆሮ ኩክ ማውጫዋም ብትሆን ቀላል ዕቃ አይደለችም። አንዱ ጫፏ ማንኪያ ነው፤ ከምስር ፍሬ ያነሰ። ሌላው ጫፏ ትንሽ መስቀል ነው። እናቶቻችን ከአንገት መስቀላቸው ጋር አብረው ያንጠለጥሏት ነበር። እስካሁን ካየኋቸው የጆሮ ኩክ ማውጫዎች ሁለት አንድ ዓይነት አልገጠመኝም። ጆሮ ለመጥረግ እኮ ማንኛውም እንጨት ይበቃል። አንጥረኛው ግን ያቺን የምታህል ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ጥበቡን አፍስሷል።

"መስቀሉ ራሱ ገንዘብ ቀልጦ የተገኘ አይደለም እንዴ? አሁን ቢቀልጥ ምን አዲስ ነገር አለው?" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ አይደሉም እላለሁ። ጠገራ በመቶ ሚሊዮኖች ተመትቷል። አንዱ ቢቀልጥ ወንድሙ አለ። አንጥረኛው አንዱን ወስዶ የትም የሌለ ነገር ሠራበት። ያንን መስቀል ስታቀልጡት ግን የምታጠፉት ሌላ የሌለውን ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ጠገራው ከገበያ ወጥቷል። ሳንቲም ቆርጦ መስቀል የሚያወጣ አንጥረኛ ዛሬ ፈልጋችሁ ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ዕቃው ላይ የሠሪው ስም የለም። አንጥረኛውንና ቀጥቃጩን ለዘመናት ቡዳ እያልን ሰድበናል። በጌጡ አጊጠን ባለሙያውን ገፍተናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ጎንደር አካባቢ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስድብ ችለው በብረት ሥራ ኖረዋል። ዛሬ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች፣ አያታችሁ ወናፍ ሲነፉ ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ስማቸውን ጽፋችሁ አኑሩት።

ለሰብሳቢዎችም የምለው አለኝ። እንደኔ ትናንሽ ዕቃ የምትወዱ በዝታችኋል፤ ደስ ይላል። ግን ስትገዙ ዕቃውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ሠራው? ብላችሁ ጠይቁ። ጥቁረቱን በሳሙናና በጥርስ ሳሙና ፈትጋችሁ አታንሱ፤ የተቀረጸው መስመር ቁልጭ ብሎ የሚታየው በዚያ ጥቁረት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። ለቱሪስት ከሚሸጠው ብዙው ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ማግኔት አይለየውም፤ ብርም ቅይጡም አይሳቡም። የሞረድ ፈለግና የሳንቲም ርዝራዥ መፈለግ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን የሆነውን የእጅ መስቀልና የመጾር መስቀል ግን ማንም ቢያቀርብላችሁ አትንኩ። ከውጭ የምትመጡ ወገኖች ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ አትርሱ፤ አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን አስመርምሩና ፈቃድ ያዙ።

የቸገረው ይሽጥ። አትሽጡ ማለት አልችልም። ግን ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት በስልካችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱት። ጠገራውን ማን እንዳመጣው እናታችሁን ጠይቋት። ወርቅ ቤቶችም አንድ መሳቢያ ለአሮጌ ዕቃ ለዩለት። እንዳለ የሚገዛ ሰው ከግራሙ ዋጋ በላይ ይከፍላችኋል። እኔ ከፍያለሁ።

የዚያን ቀን ዕቃዎቹን እንደያዝኩ እማማን ልጠይቃቸው ሮጬ ወጣሁ። እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሄጄ አየሁ፤ አላገኘኋቸውም። እማማ፣ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ አራቱም ዕቃዎች እኔ ጋ አሉ፤ አልቀለጡም። መስቀሉን በፈለጉ ጊዜ ይውሰዱት። የአንጥረኛውን ስም ብቻ ይንገሩኝ።