መናፈሻው ክፍት ነው፤ ደረጃ መውጣት ለሚችል

ከጅማ የሚላክልን የመናፈሻ ፎቶ ሁሉ ያምራል። አበባው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ሙሽሮች ተደርድረው ፎቶ የሚነሱበት ደረጃም አለ። ያ ደረጃ ነው የሚያንገበግበው። ስሙን የማልጠራው አንድ መናፈሻ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ከጎኑ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ፣ የለም። በዊልቸር የሚሄደው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ፣ ልጅ አዝላ እግሯ ሥር የማይታያት እናት፣ እነዚህ ሁሉ ከውጭ ቆመው አበባ ይዩ ነው?

«ቦታ ጠቦ ነው» እንዳይባል እናስላው። አንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱ 45 ናቸው። እዚህ አሜሪካ ለ1 ሴንቲ ከፍታ ቢያንስ የ12 ሴንቲ ርዝመት ራምፕ ይሠራል። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ይበቃል፤ ከላይና ከታች 1 ሜትር ከ50 ደልዳላ ማረፊያ ይጨመርበት። ከፍታው 76 ሴንቲ ስለማይሞላ መሐል ላይ ማረፊያ እንኳ አይጠይቅም። ይኸው ነው ጉዱ።

አሜሪካኖቹም ይህን ከደግነት ብዛት አላመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1990 መጋቢት ላይ አካል ጉዳተኞች ዊልቸርና ምርኩዛቸውን ጥለው የኮንግረሱን ደረጃ እየተሳቡ ወጡ፤ መብታቸውን የሚያስከብረው ሕግ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተፈረመ። እዚህም ትግሉ ደረጃ ላይ አልፏል። የእኛም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ወደ ሕዝብ ሕንፃ የሚገባበት መንገድ ይኑር ብሏል። መናፈሻ ሲሠራ ግን ሕንፃ አይደለም ተብሎ ይመስላል፣ የሚያስታውሰው የለም።

እሺ፣ ገባን እንበል። ቀጣዩ ጣጣ ወለሉ ነው። ዝናብ በማይጠፋባት ጅማ ልሙጥ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ምን አስቦ ነው? ደረቅ ወር ላይ ተመርቆ ክረምት ሲገባ ሰው ይጥላል። ኮብልስቶኑ ደግሞ አያንሸራትትም፤ ግን የዊልቸር ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች በድንጋዮቹ መሐል እየተቀረቀሩ ወንበሩን ወደፊት ይደፉታል። ኮብሉን ማንሳት አያስፈልግም፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ሻካራ ኮንክሪት መሐሉ ላይ መዘርጋት ይበቃል።

ርካሹ መንገድ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ሲባል ግን ከክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫው) የወጣው፣ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውና ዱቄቱ ያልተለየው። ከታች ገረጋንቲ ተነጥፎ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ 10 ሴንቲ ያህል ጠጠሩ ተደልድሎ ውሃ ይርከፈከፍበትና በሮለር ይመታል። ጥርስ ያለው ድንጋይ ከዱቄቱ ጋር ተያይዞ ይደርቃል። እኛ ጋ «ይጽዳ» ተብሎ ዱቄቱ ይነፋል፤ የቀረው ጠጠር ከጎማ ሥር እየሸሸ ዊልቸሩ ይሰምጣል። የወንዝ ጠጠር ከሆነማ አይወራ።

ውሃውም መውረጃ ይፈልጋል፤ ቢሆንም መንገዱ ወደ ጎን ከመቶ 2 በላይ ካዘነበለ ዊልቸሩ ወደ ቦዩ ይሳባል፣ ሰውየውም መንገዱን ሙሉ በአንድ እጁ ሲታገል ይከርማል። መሐንዲስ መጥራት አያሻም። የ120 ሴንቲ ውሃ ልክ ይቀመጥ፤ ከራምፑ ውጭ ባለው መንገድ ወደ ጎን ልዩነቱ ከ2.4፣ ወደፊት ከ6 ሴንቲ አይለፍ። እንደ አዌቱ ወንዝ ዳር ባለ ተዳፋት ቦዩ ከመንገዱ በላይ በኩል ይቆፈርና ውሃው በቱቦ ሥር ለሥር ይሻገር። አለዚያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ መንገዱን ለሁለት ይቆርጠዋል። ቦዩ ላይ የሚከደነው ፍርግርግ ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ብረቱም መንገዱን አግድም ያቋርጥ። በቁመት ሲገጠም ጎማም የምርኩዝ ጫፍም ይውጣል።

ልጆች የሚዘሉበት ግንድ ከመንገዱ ዳር ይሁን እንጂ መሐል አይጋደም። ራምፑ ላይ ከትልቁ መደገፊያ በታች 70 ሴንቲ ላይ ሁለተኛ ብረት ይግባላቸው። ዥዋዥዌው ዙሪያ አሸዋ ብቻ ከፈሰሰ ዊልቸር ላይ ያለው ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። አግዳሚ ወንበሩ 45 ሴንቲ ከፍታ፣ የጀርባና የክንድ መደገፊያ ይኑረው። የጅማ በርጩማ ውበቱን ማን ይክዳል፣ ግን ጉልበት ያመመው ሰው ከእሱ ላይ ተነሥቶ ይሞክረው!

ደግሞ ያ ሰንሰለት። ባጃጅ እንዳይገባ ተብሎ በሩ ላይ ይወጠራል፣ ባጃጁ ደጅ ይቀራል፣ ዊልቸሩም አብሮት። የባጃጅ ስፋት 1 ሜትር ከ30 ነው። በ90 ሴንቲ ርቀት ሁለት ቋሚ ብረት ብትተክል ዊልቸር ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። «ሞተር ሳይክልስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ዘበኛው ታዲያ ምን ይሠራል?