እርማት፦ «አንድ ሴንሰር ለአንድ ፕሮቲን» አይደለም

ስለ «ኬሚካል አፍንጫ»፣ ማለትም በብዙ ሴንሰሮች ጥምር ምላሽ ፕሮቲኖችን ስለሚለይ መሣሪያ፣ ሲወራ አንድ ነገር ደጋግሜ እያየሁ ነው። እያንዳንዱ ፍሎረሰንት (ብርሃን የሚሰጥ) ሴንሰር የሚያውቀው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የበራውን አይቶ ስሙን መናገር ይቻላል የሚል። በቅንነት የተባለ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። እንደዛ የሚሠራው የእርግዝና መመርመሪያው ነው።

የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስትና የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡትን ጥናት እንይ። ስድስት ዓይነት የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች አሉ። ብርሃን ከሚሰጥ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ጋር ተጣብቀው ብርሃኑን ያፍኑታል፤ እያንዳንዱ ጥምረት አንድ ሴንሰር ነው። ፕሮቲን ሲገባ ፖሊመሩን ገፍቶ ያስለቅቀዋል፣ ብርሃኑም ይመለሳል። አንዱ ፕሮቲን ግን ብዙ ሴንሰሮችን ነው የሚነካው፤ አንዱን በደንብ፣ ሌላውን ለአመል ያህል። ማንነቱን የሚናገረው የስድስቱ ቁጥሮች ቅንብር ነው። ጎረቤት ቡና ሲቆላስ አፍንጫችን መቼ አንዲት ሞለኪውል ነጥሎ ያውቃል?

መዘዙ እዚህ ጋ ነው። በጥናቱ እንደተደረገው የሰባት ፕሮቲኖችን ቅንብር ብቻ የተማረ መሣሪያ ስምንተኛ ሲሰጡት «አላውቅም» ላይል ይችላል፤ ወደሚመስለው ያስጠጋዋል። ማጣራት የፈለገ የጥናቱን ግራፍ ይመልከት፤ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን የስድስቱም ሴንሰሮች ምላሽ ጎን ለጎን ተቀምጧል። 94.2 በመቶ የተባለው ትክክለኛነትም የተገኘው ከእነዚያው ሰባት ፕሮቲኖች በተዘጋጁ 52 ናሙናዎች ላይ ነው።