ሳይመካከር የመጣ ምስክር

ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠር የሥነ ፈለክ ሰው የለም። ጠቡ ፍጥነቱ ላይ ነው። የፕላንክ ሳተላይት ተመራማሪዎች የዩኒቨርስን የጨቅላነት ዘመን ብርሃን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ቁጥር 67.4 ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ እነ አዳም ሪስ ደግሞ ቅርብ ካሉ ጋላክሲዎች ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2022 73 ብለዋል። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ አንድ ጋላክሲ በአንድ ሜጋፓርሴክ፣ ማለትም በ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በራቀ ቁጥር የሽሽቱ ፍጥነት በሰከንድ 67 ወይም 73 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሁለቱም ወገኖች የስህተት ህዳግ 1 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ አንዱን ወደ ሌላው ጎትቶ ማስታረቅ አልተቻለም። (የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ አላን ሳንዴጅ 50፣ ዠራር ደ ቮኩለር 100 ብለው ለዓመታት የተሟገቱበትን ጊዜ ለሚያስታውስ ግን የዛሬው ጠብ የወንድማማቾች ነው።)

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው «ፊዚክስ ተናግቷል» ይላሉ። ለእኔ ይህ ጥድፊያ ነው። የፕላንክ ቁጥር ቀጥተኛ ልኬት አይደለም፤ ዩኒቨርስ ምን ምን ይዟል የሚለውን መላ ምት አምኖ የተሰላ ነው። የነሪስ ቁጥር ደግሞ በመሰላል የተወጣ ነው። የቅርብ ኮከቦች ርቀት ይለካል፤ በእሱ ላይ ሴፊድ የሚባሉት ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦች፣ በእነሱ ላይ ሱፐርኖቫ የሚባሉት የሚፈነዱ ኮከቦች ይቆማሉ። የታችኛው እርከን ከተንጋደደ የላይኛው ሁሉ አብሮ ይንጋደዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ከሁለቱም ጋር ያልተመካከረ ሦስተኛ ምስክር ነው።

የፊዚክስ ሊቁ በርናርድ ሹትስ ይህን ምስክር የጠቆመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር፤ ያን ጊዜ የስበት ሞገድን፣ ማለትም ከባድ አካላት ሲሽከረከሩ ወይም ሲጋጩ ሕዋን የሚያርገበግበውን ሞገድ፣ በቀጥታ የያዘ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም ከፈነዱ ከባድ ኮከቦች የቀሩ እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ እምብርቶች፣ እርስ በርስ እየተሽከረከሩ ሲቀራረቡ የሚለቁት ሞገድ፣ ወደ ድምፅ ቢለወጥ፣ እየቀጠነና እየጎላ ይሄዳል። የሚቀጥንበት ፍጥነት የኮከቦቹን ክብደት ይናገራል፤ ክብደቱ ከታወቀ ሞገዱ ከምንጩ ሲነሣ የነበረው ኃይል በአጠቃላይ አንጻራዊነት ሕግ ይሰላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደደከመ መለካት ብቻ ይቀራል፤ ርቀቱ ከዚያ ይወጣል። መሰላል የለም፣ ሴፊድ የለም። አጋጣሚው ብርሃንም ከፈነጠቀና የተፈጠረበት ጋላክሲ ከተለየ፣ የጋላክሲው የሽሽት ፍጥነት ወደ ቀይ ካዘነበለው ብርሃኑ ይነበባል። ፍጥነቱን ለርቀቱ ማካፈል ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ልክ ይህ ሆነ። በአሜሪካ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን ያሉት ሁለቱ ላይጎ የተባሉ የስበት ሞገድ መያዣ መሣሪያዎች ወደ 100 ሰከንድ የዘለቀ ሞገድ ያዙ። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የጋማ ጨረር ብልጭታ አየ። ጣሊያን ያለው ሦስተኛው መሣሪያ ቪርጎ ግን ከሞላ ጎደል ዝም አለ። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ምንጩ ያለው ቪርጎ በደንብ በማይሰማበት የሰማይ ክፍል መሆኑን የጠቆመው እሱ ነውና። በሁለቱ ላይጎዎች ብቻ 190 ስኩዌር ዲግሪ የነበረው የፍለጋ ቦታ ወደ 30 ገደማ ወረደ። ከ11 ሰዓት በኋላ ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ አዲሱን ብርሃን አገኘው። ፍጥነቱ በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ርቀቱ 43 ሜጋፓርሴክ አካባቢ፤ ውጤቱ 70።

ሰባ ከሁለቱ ተፋላሚዎች መካከል ነው። «ሽማግሌው መሐል ሰፈረ» ብሎ መቀለድ ይቻላል። ህዳጉ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 8 ስለነበር ሁለቱንም ያቅፋል እንጂ አይፈርድም። አንዱ ምክንያት አቅጣጫ ነው፦ የኮከቦቹን ዙረት ፊት ለፊት የምናየው ከሆነ ሞገዱ ይበረታል፤ ከጎን ከሆነ ይደክማል። ስለዚህ ራቅ ብሎ ፊቱን ያዞረልን ጥንድና ቀረብ ብሎ የተጋደመ ጥንድ ይመሳሰላሉ። በኋላ ከግጭቱ የተወረወረውን ጅረት በሬዲዮ ቴሌስኮፖች በመከታተል አቅጣጫው ተለይቶ ህዳጉ ወደ 5 ጠበበ። አሁንም አይበቃም።

ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች በአምስት ዓመት ውስጥ 2 በመቶ ትክክለኛነት ላይ እንደርሳለን ብለው ተነበዩ። አምስቱ ዓመታት አለፉ፤ ሞገዱም ብርሃኑም በእርግጠኝነት የተያዘለት የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ግን ያው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ግጭት ተሰማ፤ ብርሃኑን ያየ የለም። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሰማዩ ቆጠበ። ብርሃን የሌላቸውን የጥቁር ጉድጓዶች ግጭቶች ከጋላክሲ መዝገብ ጋር እያስተያዩ በብዛት ማስላት ሌላው መንገድ ነው፤ 47 ክስተቶችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት 68 ላይ አርፏል፣ ህዳጉ ግን ከ6 እስከ 8 ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም መዝገቡ ጎደሎ ነው፣ የጉድጓዶቹ ክብደት እንዴት እንደተሰራጨም አስቀድሞ መገመት ያስፈልጋል። ከመሰላሉ ሸሽተን ሌላ መደገፊያ መያዛችን ነው። እኔ የምመርጠው ብርሃን ያለውን፣ ብርቁን ምስክር ነው፤ እንዲህ ያሉ 50 ያህል ቢገኙ ጠቡን ለመዳኘት እንደሚበቁ ተሰልቷል።

ሃምሳ ለማግኘት ደግሞ ጆሮዎቹ ክፍት መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለቀጣዩ ዓመት ባቀረበው የበጀት ጥያቄ የላይጎን ማስኬጃ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በወረቀት ላይ ወጪ መቆጠብ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ብቻውን ሞገዱ ከየት እንደመጣ መናገር አይችልም ማለት ይቻላል፤ አቅጣጫ የሚታወቀው ሞገዱ በተለያዩ ቦታዎች በደረሰበት የጊዜ ልዩነትና በብርታቱ ልዩነት ነው። ቦታው ካልታወቀ ጋላክሲው አይገኝም፣ ጋላክሲው ካልተገኘ ፍጥነቱ የለም፣ ፍጥነቱ ከሌለ የምናካፍለው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቺሊ ያሉት ሰዎች በዚያች ሌሊት ያንን ጋላክሲ ያገኙት ሦስቱም መሣሪያዎች፣ ዝም ያለው ቪርጎ ሳይቀር፣ በሥራ ላይ ስለነበሩ ነው።