ማስተካከያ፦ በጃፓን ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ጨረር ሳይሆን ውሃው ነው

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ (ከባሕር የተነሣ ግዙፍ ማዕበል) አደጋ «20 ሺህ ሰው በፉኩሺማ ጨረር አለቀ» የሚለው በሰፊው የተሠራጨ መልእክት ስህተት ነው። ፉኩሺማ በአደጋው ተጎድቶ ጨረር ያፈተለከበት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው።

በአገሪቱ ብሔራዊ ፖሊስ መዝገብ መሠረት የሞቱት 15,900 ያህል ሲሆኑ፣ 2,500 ገደማ ሰዎች የገቡበት አልታወቀም። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሱናሚ የሰጠሙ ናቸው። መንግሥት ሞትን ከጨረር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያያያዘው በ2018 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እሱም የአንድ የጣቢያው ሠራተኛ ሞት ነው። ጨረሩን ለመሸሽ ከሆስፒታልና ከመጦሪያ በጥድፊያ ተነሥተው፣ በአውቶቡስ ለሰዓታት ሲጓዙ የሞቱ አረጋውያንም ነበሩ፤ እነርሱን የገደላቸው እንግልቱ እንጂ ጨረሩ አይደለም።

ስህተቱ ሰው ከውሃው ይልቅ ጨረሩን እንዲፈራ ያደርጋል። በባሕር ዳርቻዋ የካማይሺ ከተማ የነበሩ ተማሪዎች ግን መሬቱ እንደተናወጠ የታናናሾቻቸውን እጅ ይዘው ወደ ከፍታ ሮጠው ተርፈዋል። መልእክቱን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አድርሱ።